የሂልዲንግ አራተኛ ወንበር

ሂልዲንግ ብሩስ ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ወንበር ይገለብጣል። ሐሜት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። አንድ ጊዜ ከቀብር መልስ፣ የሄልስታ መንደር ሰው በሰበካው አዳራሽ ቡናና ኬኩን ይዞ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ ጥግ ላይ የቆመ ባዶ ወንበር አየና አላስችል አለው። አራት እግሩን ወደ ላይ አድርጎ ሆዱን ሲመረምር ተያዘ። «የፋብሪካ ነው» አለና መልሶ አቆመው። ሟቹ የገዛ አጎቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰበካው ውስጥ ሰው ሲሞት ለሚስቱ ለሲቭ የሚደወለው «ኑ፣ ግን እጁን ያዢልን» እየተባለ ነው።

መተዳደሪያው ፖስታ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በቢጫ መኪና ገጠር ለገጠር ደብዳቤ ሲያድል ኖሮ ጡረታ ወጣ። ደብዳቤ አዳይ ደጅ ካለው ሳጥን ከትቶ ይሄዳል እንጂ ቤት አይገባም። ፊርማ የሚጠይቅ ደብዳቤ የመጣ ቀን ግን የሂልዲንግ ደስታ ሌላ ነው፤ ፊርማ ማለት ወጥ ቤት መግባት ነውና። ባለቤቱ ብዕር ፍለጋ መሳቢያ ሲያተራምስ እሱ ከጠረጴዛው ሥር ተንበርክኳል። «ምን ጠፍቶህ ነው?» ሲሉት «ምንም፣ የጫማዬ ማሰሪያ ነው» ይል ነበር። ጫማው ማሰሪያ የሌለው የጎማ ቦት መሆኑን ሁሉም ያያል።

የበሽታው መነሻ የዶሮ ቤት ነው። አንድ የመጋቢት ቀን እሽግ ሊያደርስ ወደ አንድ እርሻ ሄዶ ባለቤቱን ቢጣራ ድምፅ ከዶሮ ቤት መጣ። ገባ። አንዲት ቀይ ዶሮ ተዘባንና ተቀምጣለች፤ የተቀመጠችው ደግሞ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ከላይ እስከ ታች በቦይ በቦይ የተፈለፈለ፣ እግሩ ከመቀመጫው በሚገናኝበት ቦታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አበባ የተቀረጸችበት ወንበር ላይ ነው። ቡናማ ቀለምና የዶሮ ኩስ አልብሰውታል እንጂ የንጉሥ ጉስታቭ ዘመን ወንበር ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ሂልዲንግ ያኔ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ብቻ ልቡ ዘለለ።

«ትሸጥልኛለህ?» አለ።

«ዶሮዋን?»

«ወንበሩን።»

ሰውዬው ትክ ብሎ አየው። «መቀመጫ ልታሳጣት ነው እንዴ?»

በማግስቱ ሂልዲንግ ከገዛ ወጥ ቤቱ አንድ ደህና ወንበር አምጥቶ ለዶሮዋ ሰጠና የሷን ወሰደ። የሄልስታ ሰው በዚያ ልውውጥ ያተረፈችው ዶሮዋ ናት ብሎ ፈረደ። ሲቭም ከመንደሩ ጋር ነበረች።

ያን ክረምት ወንበሩን ፋቀው። ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ አፍስሶ በአንድ ቀን መገላገል ነውር ነው፤ ደንቡ በደረቁ፣ በምላጭ ጫፍ፣ ጥፍር በጥፍር ነው። ቡናማው ሲነሳ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሲነሳ ነጭ፣ ከነጩ ሥር ደግሞ ያ የመጀመሪያው ፈዘዝ ያለ ግራጫ ብቅ ይላል። አንድ ወንበር አንድ ክረምት ይፈጃል። አቧራው ሐሙስ ሐሙስ የሚሠራው የአተር ሾርባ ውስጥ ሳይቀር ይገባ ነበርና ሲቭ ማንኪያዋን አንስታ ታየውና «ዛሬ ስንተኛው ንጉሥ ጋ ደረስን?» ትላለች።

ከሆዱ ሥር፣ ከመቀመጫው ጠርዝ በውስጥ በኩል፣ የሠሪው ማኅተም ተመቶበታል። አጠገቡ በመሮ የተቀረጹ ሦስት ጭረቶች አሉ። ሂልዲንግ መጽሐፍ አገላብጦ፣ ሰው ጠይቆ ደረሰበት፦ ወንበሩ የሊንድሾቭ ግቢ ነው። የሊንድሾቭ ትልቅ ቤት የመጨረሻዋ እመቤት ስትሞት ዕቃው ተበትኖ ነበር። የዚህ ዓይነት ስድስት ወንበሮች ነበሩት፤ ጭረቱ በሮማውያን አጻጻፍ የተቀረጸ ተራ ቁጥር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በጭረት ይጻፋል። አምስት ሲደርስ ሁለት ጭረት እግራቸውን ገጥመው ባላ ይሠራሉ። ስድስት ባላና ከቀኙ አንድ ጭረት ነው።

እንግዲህ ሰውዬው አለቀለት። በሃያ ዓመት ውስጥ አምስቱን ሰበሰበ። አንዱን ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር፣ አንዱን ቀለም ቀቢ መሰላል አድርጎ ሲቆምበት፣ ሁለቱን ከጨረታ። ሰው አልሸጥም ሲለው «ወንበሮች እኮ እርስ በርስ ነው የሚዋደዱት፤ ከወንድሞቹ አትለየው» እያለ ያስለቅሳቸዋል። የታሪክ ነገር ሲነሳ ደግሞ አንድ የማይለቃት አባባል አለችው፦ «ሰው ይዋሻል፤ ወንበር አይዋሽም።» ይህን ሲናገር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅላል። ዛሬ ያ ትዝ ሲለው አልጋ ልብሱን ተከናንቦ መተኛት ያምረዋል።

አምስቱ በምግብ ክፍሉ ግድግዳ ጥግ ተደረደሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጫፍ ላይ ለስድስተኛው ቦታ ተትቶለት ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ተደረገበት። ማንም አይቀመጥባቸውም። ሂልዲንግና ሲቭ ወጥ ቤት ባለችው አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይበላሉ። እንግዳ ሲመጣ ሲቭ በሩን ከፈት አድርጋ ታሳይና «አምስት እንግዶች አሉን፤ ከመጡ ጀምሮ አንድም ቀን አልተቀመጡም» ትላለች።

አንዲት እንከን ብቻ ነበረች። የአራተኛው ወንበር ቁጥር እንደሌሎቹ አልነበረም፤ መጀመሪያ አንድ ጭረት፣ ቀጥሎ በአናቱ የቆመ ባላ፤ አንድ ከአምስት ሲቀነስ አራት ብሎ ነው ያነበበው። ሂልዲንግ ራሱ ለሰበካው የታሪክ ማኅበር መጽሔት ረጅም ጽሑፍ ጽፎ «የጥንት ወንበር ሠሪ አራትን ምንጊዜም በአራት ጭረት ነው የሚቀርጸው፤ የግድግዳ ሰዓታችሁን እዩ» ብሎ አስተምሯል። የገዛ ወንበሩስ? «እሷን ተለማማጁ ነው የቀረጻት» ይላል እየሳቀ። «ሰክሮ ነበር። ባላውን ገለበጠው።» ሁለት መቶ ዓመት መቃብር ውስጥ ያለ ምስኪን ተለማማጅ፣ ስሙን የሚያስመልስለት ዘመድ የለውም።

በአንድ ነሐሴ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ ቴክላ ኖርድ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ልትገባ ሆነና ዕቃዋ በገዛ ግቢዋ ለጨረታ ወጣ። ጨረታው ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ሰው እየመጣ ያያል። አልጋው፣ የሸማ መሥሪያው፣ የወተት ገንቦው፣ የሟች ባሏ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ሁሉም ሣር ላይ ተዘርግቶ ቁጥር ተለጥፎበታል። አጫራቹ ሩኔ ሆዳምና ደግ ሰው ነው፤ ቋሊማ በያዘ እጁ ሂልዲንግን ጠራው።

«ና እስቲ፣ ዶክተር። አንድ በሽተኛ አለልህ።»

ከፖም ዛፉ ሥር ቡናማ ቀለም የጠጣ ወንበር ቆሟል። እግሩ ቀጥ ያለ፣ በቦይ የተፈለፈለ፣ ከላይ ያቺ አበባ።  ቴክላ አጠገቡ ናት፤ መቀመጫ ያለው ባለ ጎማ መደገፊያዋን ፍሬን ይዛ በካፖርቷ ተቀምጣለች።

«አራቷ ናት» አለች ቴክላ። «አያቴ እንደዚያ ነበር የምትጠራት። የሊንድሾቭ እመቤት በገዛ እጇ የሰጠቻት። አያቴ ቼሽቲን አሥራ ስምንት ዓመት አስታማታለች።»

ይህን ወሬ በሄልስታ የማያውቀው የለም፤ የሚያምነውም አልነበረም፤ ሂልዲንግም ቢሆን። በሄልስታ ደግሞ ከሌባ የባሰ ጉረኛ ነው። አንዲት ገረድ ተነስታ የእመቤት ወንበር አለኝ ማለቷ ለሦስት ትውልድ አልተማረላትም። ቴክላን ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት «ልዕልት፣ ወንበርሽ የት አለ?» እያሉ ያስለቅሷት ነበር። አሁን የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሩኔ ወንበሩ ላይ በሚሰቅለው ካርድ «የሊንድሾቭ» የሚል ቃል እንዲጻፍ። ገንዘቡን የት ታደርሰዋለች።

ሰው ተሰበሰበ። ሂልዲንግ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ወንበሩን ገለበጠ። አራት ጭረት። ቁልጭ ያለ፣ የተስተካከለ፣ አራት ጭረት። ማኅተሙ ያለበት ቦታ ግን በቡናማ ቀለም ተደፍኗል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ስድስት ነውና ቅስሙ ስብር አለ። ያበደውም ያኔ ነው፤ ሰው ተስፋው ሲቆረጥ ደግ አይሆንም።

«አራት እኔ ቤት አለ» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ሩኔ።

«ሊንድሾቭ ሁለት አራተኛ ወንበር አልነበረውም ማለት ነው። ይሄ ኋላ አንድ ሰው አይቶ የሠራው ቅጂ ነው። ጥሩ ቅጂ፣ አልክድም።»

ምላጩ ኪሱ ውስጥ ነበር። የሰውን ወንበር ሁሉ እያስፈቀደ ሲፍቅ የኖረ ሰው፣ መፋቅ በሚያስፈልግበት በዚያች ቀን አልፋቀም። እርግጠኛ ነበራ።

«አያቴን አታውቃትም፣ ሂልዲንግ» አለች ቴክላ በቀስታ።

«አላውቃቸውም። ግን ቴክላ፣ ሰው ይዋሻል፤ ወንበር አይዋሽም።» ለእሷ ለስለስ ያለ መስሎት ነው። እንዲያውም ትከሻዋን ነካ አድርጓል።

ቴክላ ፍሬኑን ለቅቃ መደገፊያዋን እየገፋች ወደ ቤቷ ገባች፤ ሩኔም ካርዱ ላይ «ኋላ የተሠራ ቅጂ» ብሎ ጻፈ።

ሂልዲንግ ቤቱ ሲገባ ሲቭ ምግብ ክፍሉ ውስጥ ወለል ላይ ተዘርግታለች። አልሞተችም፤ ወገቧን ታማ ሐኪም በቀን ሁለቴ ተንጋለሽ እግርሽን አንሺ ብሏታል። ጠፍጣፋ ወለል ያለው ደግሞ የወንበሮቹ ክፍል ብቻ ስለሆነ ራሷን ከአንዱ ወንበር ሥር ከታ ነው የምትሠራው። እዚያው እንዳለች የቀኑን ወሬ ነገራት፤ አራት ጭረቱን፣ ቅጂውን፣ ቴክላ ቤቷ መግባቷን።

«እና አንተ ቤት ያለው አራት የትኛው ነው?» አለች ሲቭ ከወንበር ሥር።

«አናትሽ ላይ ያለው ነዋ።»

ሲቭ እግሯን ማንሳት አቆመች።

«ይሄ ስድስት ነው የሚለው።»

«አራት ነው። አንቺ ገልብጠሽ ነው የምታነቢው።»

«እኔ ተንጋልዬ ነው። አንተ ነህ ገልብጠህ የምታነብ። ባላ፣ ከዚያ በቀኙ ጭረት። ስድስት።»

«ሲቭ፣ የማታውቂውን ነገር ተዪ።»

«ስድስት እስኪመጣ ሃያ ስድስት ዓመት አግዳሚ ላይ የበላሁ ሰው ስድስትን ባላውቅ ማን ይወቅ?»

ሂልዲንግ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። አምስቱንም ወንበሮች ጎን ለጎን ደርድሮ ገለበጣቸው። አንድ፣ ሁለትና ሦስት ከየትም ወገን ቢያዩዋቸው ያው ጭረት ናቸው፤ አይመሰክሩም። አምስት ግን ባላ አለው፤ የባላው አፍ የሚከፈተው ወደ ወንበሩ መደገፊያ ነው። ያን «አራት» የሚለውን ወንበር እንደ አምስት አዙሮ አስተካከለውና አየው። ባላው አፉን ወደ መደገፊያው ከፈተ፤ ጭረቷም ሄዳ ከቀኝ ቆመች። ተለማማጁ አልሰከረም ነበር። ለነገሩ የሰከረ ሰው አልነበረም፤ ገልብጦ የሚያነብ አንድ ፖስተኛ ብቻ ነበር።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሲቭ ተነስታ ከመደርደሪያ የታሪክ ማኅበሩን መጽሔት አወጣች፤ ክፋቷ እንግዲህ ይሄ ነው። ገጹን ታውቀዋለች።

«የጥንት ወንበር ሠሪ» ብላ አነበበች ድምጿን ጎላ አድርጋ፣ «አራትን ምንጊዜም በአራት ጭረት ነው የሚቀርጸው። ግራ የሚጋባ ቢኖር እኔን ይጠይቅ። ሂልዲንግ ብሩስ።»

«በቃ።»

«ስልክ ቁጥራችንም አለ።»

ሂልዲንግ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ስድስትን ሲጠብቅ ስድስት ቤቱ ነበር። ያጣው አራትን ነው፤ አራትን ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሁለት እጁ ይዞ፣ በገዛ አፉ ቅጂ ነህ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«እንግዲህ ነገ በሁለት መቶ ክሮነር ታገኘዋለህ» አለች ሲቭ። እንዲሁ በለሆሳስ ነው ያለችው፤ ግን ዐይኗን አላነሳችለትም።

ይህ ሐሳብ ለእሱም መጥቶ ነበር፤ እንዳልመጣ ለማስመሰል ነበር ፊቱን የያዘው። «ልግዛውና ሰኞ ለቴክላ እነግራቸዋለሁ» አለ። «የሚገባቸውን ዋጋ እጨምርላቸዋለሁ። ማንም አይጎዳም።»

«ካርዱስ?»

«የቱ ካርድ?»

«ቅጂ የሚለው። እሱን ነገ ሀገሩ ሁሉ ነው የሚያነበው። ሰኞ የምትነግራት ግን ለሷ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ድሮም ታውቀዋለች።»

ሂልዲንግ ወንበሮቹን ማቆም ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከረባት አሠረ። ለምን እንዳሠረ አያውቅም። መኪናው ውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ ከተተ፤ ብርድ ልብሱ ወንበር መጠቅለያ እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ግን ለራሱ አልነገረውም። ግቢው በሰው ሞልቷል። የሴቶች ማኅበር ቡናና የቀረፋ ዳቦ ይሸጣል። ከስቶክሆልም የመጣ አንድ ነጋዴ፣ ሐር ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ከሸማ መሥሪያው አጠገብ ቆሞ ያዛጋል። 

ተራው ደረሰና ሩኔ ወንበሩን ከፍ አድርጎ ያዘው። «ቅጂ ነው፤ ሂልዲንግ አይቶታል፤ ግን ያስቀምጣል። መቶ ክሮነር የሚል?»

ሂልዲንግ ራሱን ነቀነቀ። አንገቱ ነው የነቀነቀው ማለት ይሻላል፤ እሱ ገና አልወሰነም ነበር።

ሰው ሳቀ። «ለዶሮዎችህ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«መቶ፣ ሂልዲንግ ጋ» አለ ሩኔ። «ሁለት መቶ የሚል? የለም? አንደኛ።» መዶሻውን አነሳ።

ያኔ ነው ቴክላ የተናገረችው። ደጃፏ ላይ፣ መደገፊያዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ሩኔ፣ በመቶው ስጠው» አለች። «ቅጂም ቢሆን እሱ ይውሰደው። ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ዓመት፣ ልጄ ከባሕር ላይ የጻፈልኝን ደብዳቤ ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተሸክሞ አምጥቶልኛል። ደጁ ላይ አላስቀመጠውም፤ ገብቶ እጄ ላይ ነው የሰጠኝ።»

ሂልዲንግ ትዝ አለው። የገባው ወንበር ለማየት ነበር። ያን ቀን ቴክላ እያለቀሰች ደብዳቤ ስታነብ እሱ የወጥ ቤት ወንበሮቿን እየቆጠረ ነበር፤ ይቺ ወንበር ደግሞ መኝታ ቤት ስለነበረች አላያትም።  አፈረ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ሁለተኛ» አለ ሩኔ።

«ቆይ፣ ሩኔ።»

«ምን ሆንክ? በራስህ ላይ ልትጨምር ነው?»

«ካርዱን አውርደው።» አለ ሂልዲንግ። «ወንበሩ ቅጂ አይደለም። ቅጂው እኔ ነኝ። አዋቂ የሚመስል ቅጂ።»

 ሂልዲንግ ወደ ፊት ወጣና ሁሉንም ተናገረ፤ ባላውን፣ ጭረቱን፣ ሚስቱ ወገቧን ታማ መንጋለሏን፣ ሰክሯል ብሎ ያማውን ተለማማጅ። ይህን ሁሉ ዓመት ስድስትን ገልብጦ አራት እያለ ሲያነብ መኖሩን ሲናገር መጀመሪያ የሳቀው ሩኔ ነው፤ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ከዚያ ግቢው ሁሉ ተከተለ። ቡና ያዢዎቹ ሴቶች እንኳ ኩባያ አስቀምጠው ሳቁ። ሂልዲንግ ቀይ ሥር መስሎ እስኪያበቁ ጠበቃቸው።

«ቴክላ፣ ይፈቅዱልኛል?» አለና ምላጩን አወጣ። ከእግሩ በስተጀርባ የጥፍር ያህል ፋቀ። ቡናማው ሄደ፣ አረንጓዴው ሄደ፣ ነጩ ሄደ፣ ያ ግራጫ ወጣ። ገልብጦ ማኅተሙንም ፍቆ ለሩኔ አሳየው። «የሊንድሾቭ ነው። አራተኛው። አያትዎ አልዋሹም። ጉረኛው እኔ ነኝ።»

ሩኔ ካርዱን ቀደደና በአዲስ ካርድ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፤ ጽፎም ጮክ ብሎ አነበበው። ቴክላ ደጃፏ ላይ ካፖርቷን አስተካከለች። ትምህርት ቤት አብረዋት የነበሩ ሁለት አሮጊቶች ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ አንደኛዋ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

እንግዲህ የስቶክሆልሙ ሰው ማዛጋቱን አቁሟል። ሁለት ሺህ አለ። ሂልዲንግ ሦስት አለ። አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ። ሂልዲንግ ለጀልባ ሞተር መግዣ ያስቀመጠው አሥራ ሁለት ሺህ ነበር፤ አሥራ ሁለት አለ። ባለ ስካርፉ ስልቹ እንደሆነ ሰው አንድ ጣቱን ብቻ አነሳ። ሩኔ ወደ ሂልዲንግ አየ፣ ቆየ፣ ሊቆይ ከሚገባው በላይ ቆየለት። ሂልዲንግ ራሱን ነቀነቀ፤ አሁን እምቢ ማለቱ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ መዶሻው ወረደ። ባያፍር ኖሮ በመቶ ክሮነር ሊወስደው የነበረውን ወንበር በአሥራ ሦስት ሺህ ሌላ ሰው ወሰደው።

ነጋዴው መኪናው ውስጥ መጠቅለያ አልነበረውም። ሂልዲንግ የራሱን ብርድ ልብስ አውጥቶ ወንበሩን ጠቀለለለት፤ እግሮቹን ለየብቻ፣ አበባዎቹን ደግሞ በእጥፍ።

«አምስቱን ስንት ትላለህ?» አለው ነጋዴው። «ወንበሮች አብረው ሲሆኑ ነው የሚያምሩት።»

ይህቺን ንግግር ሂልዲንግ ያውቃታል። በእሷ ስንቱን አስለቅሷል። «ሚስቴን ልጠይቅ» አለና ወደ መኪናው ሄደ።

ሲቭ ወሬውን ከእሱ ቀድማ በስልክ ሰምታለች። ቤት ሲደርስ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው። ምግብ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛው ተጎትቶ መጥቶ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ሄሪንግ ዓሣና አዲስ ድንች ቀርቦበታል። ሲቭ ግራጫ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።

«ስድስት ላይ ነኝ» አለች። «ነጋዴው ምን አለ?»

«አምስቱን ሽጥልኝ አለ።»

«እሱ ያለው አንድ፣ የኛ አምስት። እሱ ነው ወደኛ መምጣት ያለበት። ተቀመጥ።»

ሂልዲንግ አምስት ላይ ተቀመጠ። ከዶሮዋ ቀን ወዲህ እነሱ ላይ ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። መደገፊያው አከርካሪውን ወጋው፣ መቀመጫው አጭር ነው፣ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሲቭ ታየዋለች።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለ።

«አግዳሚው ይሻላል» አለች ሲቭ። «እኔ እንኳ ወገቤን እያመመኝ ነው፤ ግን ድንቼን ሳልጨርስ አልነሳም።»

ከምግብ በኋላ ሂልዲንግ ወንበሮቹን እንደገና ደረደረ። ስድስትን ወስዶ ጫፍ ላይ፣ ፕላስተሩ ላይ አቆመው፤ ፕላስተሩን ግን አነሳው። ባዶ ቦታው ከጫፍ ተነስቶ መሐል፣ በሦስትና በአምስት መካከል ሆነ። ጫፍ ላይ እያለ ገና የሚመጣ ነገር ይመስል ነበር፤ መሐል ሲሆን የወለቀ ጥርስ ነው፤ በሩን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። ሲቭ ሰብሰብ አድርገህ ዝጋው ብትለው እምቢ አለ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እንዴት እንደወለቀ ራሱ ይናገራል፤ አንዳንዴ ሳይጠየቅም።

በመስከረም አንድ እሑድ ቴክላን ከአረጋውያን ቤት በመኪናው አምጥቶ ምሳ ጋበዛት። ግራጫዎቹ ወንበሮች በጠረጴዛው ዙሪያ ናቸው፤ ያ ክፍተትም እንዳለ ነው። ሂልዲንግ ከሁሉ የሚሻለውን፣ አንደኛውን፣ ስቦ «እዚህ ይቀመጡ» አላት።

ቴክላ ተራቸውን በዐይኗ ቆጠረች። ከዚያ መደገፊያዋን እየገፋች ዞረችና በሦስትና በአምስት መካከል አስገባችው፤ ፍሬኑን ያዘች፣ ዞራ በገዛ መቀመጫዋ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለች። «ሂልዲንግ፣ መገልበጥ ግን የለም።»

ሲቭ ሾርባ ልታመጣ ተነስታ ነበር፤ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ሂልዲንግ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና የቴክላን ሳህን አቀረበላት።